ጣና ዳር ወፍ ለማየት የቱ ይሻላል፦ ጀልባ፣ ጫካ ወይስ እርሻ?

ጥምቀት አልፎ የካቲት ሲገባ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ አይነት ነው፣ "ባህር ዳር ልንመጣ ነው፣ ወፍ ማየት ፈልገን ነበር፣ የት እንሂድ?" ይሉኛል። መልስ እስክሰጥ ድረስ ግማሾቹ ጀልባ ተከራይተው ጨርሰዋል። ጣና ሀይቅ ስለሆነ ወፉም ሀይቁ ላይ ነው ብለው ነው፣ አይፈረድባቸውም፣ እኔም እዚሁ ተወልጄ አድጌ ለብዙ አመት እንደዛ ነበር የማስበው። መሀል ሀይቁ ላይ ግን በዚህ ወቅት በብዛት የምታዩት ውሀ ነው። ወፉ ያለው ውሀው አልቆ መሬት በሚጀምርበት ነው፣ ከጉልበት በማያልፍ ውሀ፣ ጭቃው ላይ፣ ቄጠማው ውስጥ፣ ከዛም አልፎ ገበሬው አዝመራውን ባነሳበት ማሳ ላይ። ስለዚህ አምስቱን ቦታ አንድ በአንድ ላወዳድርላችሁ፣ ገንዘባችሁንም ጠዋታችሁንም የት እንደምታውሉት እናንተው ምረጡ።

ከቦታ በፊት ወቅቱ

በኛ አቆጣጠር ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፣ የካቲት ገና በጋ ነው። ከሰሜን የመጡት ወፎች ግን የሚከተሉት የሀገራቸውን ጸደይ ነው፣ እዛ በረዶው ሲቀልጥ ደርሰው ጎጆ መስራት አለባቸው፣ ስለዚህ እኛ ገና በሙቀቱ ስንማረር እነሱ ጓዛቸውን እየሸከፉ ነው። የካቲትና የመጋቢት መጀመሪያ ደስ የሚሉት ለዚህ ነው፣ የሀገራቸውን ብርድ ሸሽተው እዚህ የከረሙት ገና አልሄዱም፣ ለረጅሙ መንገድ ስብ ለመያዝ ቀኑን ሙሉ ይበላሉ፣ አንዳንዶቹም የሰርግ ልብሳቸውን መልበስ ጀምረዋል። ከብት ስር ስር እየሮጠች ጭራዋን የምትነቀንቀዋን ትንሽ ወፍ ታውቋታላችሁ አይደል? ህዳር ላይ የደበዘዘች ናት፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ወንዱን ብታዩት ሆዱ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኗል።

ሁለተኛው ነገር ውሀው ነው። ጣና ሞልቶ የሚታየው መስከረም አካባቢ ነው፣ ከዛ ወዲህ እስከ ግንቦት ድረስ እየሸሸ ነው የሚሄደው። ሲሸሽ ጭቃውን ትቶ ይሄዳል፣ ጭቃው ውስጥ ደግሞ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ምኑ ቅጡ፣ ረጅም መንቁር ያላቸው ወፎች በሙሉ እዛው ላይ ይሰበሰባሉ። ረግረጉ በጠበበ ቁጥር ወፉ አንድ ቦታ ይከማቻል፣ ለተመልካች ከዚህ የተሻለ የለም።

በምን እንመዝናቸው

እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ እነዚህን ነው። አንደኛ ምን ማየት ነው የፈለጋችሁት፣ ብዛት ነው ወይስ ሌላ ሀገር የማይገኝ ወፍ? ሁለተኛ ወፉን ምን ያህል ቀርባችሁ ታዩታላችሁ፣ ባይኖኩላር (ሩቅ የሚያቀርብ መነጽር) ለሌለው ሰው ይሄ ወሳኝ ነው። ሶስተኛ ወጪው፣ ትክክለኛ ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ በየወሩ ይቀያየራል፣ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ብዬ ነው የማስቀምጠው። አራተኛ እግራችሁ፣ ልጅ ወይ አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ዋልካ ላይ ሁለት ሰአት መሄድ አይሆንም። አምስተኛ መንገዱ፣ ከከተማ የሚወጣ መንገድ ሁኔታው ከቀን ቀን ስለሚለያይ የዛኑ እለት ጠዋት እዛው ያለ ሰው ደውላችሁ ሳትጠይቁ እንዳትነሱ፣ ይሄን አደራ ነው የምላችሁ። ስድስተኛ እኛ ሄደን ወፎቹን እንረብሻቸዋለን ወይ የሚለው ነው፣ ብዙ ሰው ይሄን አይጠይቅም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ነው የማየው።

1. የከተማው ዳርቻ በእግር

በጣም የሚናቀው ይሄ ነው፣ ነጻ ስለሆነ መሰለኝ። ከጠዋቱ 12 ሰአት ተኩል ላይ የሀይቁ ዳር መንገድ ላይ ብትወጡ ቄጠማው ባልተነቀለበት፣ ሰው ባልበዛበት ቦታ ቆማችሁ ሩብ ሰአት ዝም በሉ። ጥቁርና ነጭ አሳ አጥማጇ ወፍ አየር ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ቆማ ክንፏን ታርገበግብና እንደ ድንጋይ ትወድቃለች፣ ስትወጣ አፏ ላይ የምታብለጨልጭ ትንሽ አሳ አለች፣ ቅርንጫፉ ላይ ሁለት ሶስቴ ትመታትና በጭንቅላቷ በኩል ትውጣታለች። ጃካና የሚባለውም አለ፣ የእግሩ ጣቶች ከመርዘማቸው የተነሳ ውሀ ላይ የተነጠፈ ቅጠል ላይ ሳይሰምጥ ይራመዳል፣ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ይሄን ካዩ ሌላ ነገር አይፈልጉም።

ዛፎቹንም አትርሱ። የከተማው ትላልቅ ዋርካዎች ላይ መንቁሩ ላይ ሌላ መንቁር የተጫነበት የሚመስለው ትልቁ ሆርንቢል ይመጣል፣ ድምጹ እንደ አህያ ነው፣ ሳታዩት ትሰሙታላችሁ። ክንፈ ጥቁር የምትባለዋ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀንም በቡድን እየጮኸች ታልፋለች፣ እሷ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ናት ያለችው። ፈረንጅ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጦ የሚመጣላት ወፍ እኛ ቡና ስንጠጣ በላያችን ትበራለች።

ድክመቱ ብዛት የለውም፣ ከ2 ሰአት በኋላ ደግሞ ሰው ሲበዛ ወፉ ይሸሻል። ግን ባይኖኩላር ለሌለው፣ ለጀማሪ፣ ለልጅ፣ ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ከዚህ የሚቀድም የለም።

2. ጀልባ ወደ ደብረ ማርያምና አባይ መውጫው

ጀልባ ካስፈለገ የኔ ምርጫ ይሄ አጭሩ ነው፣ አባይ ከጣና የሚወጣበት፣ ደብረ ማርያም ደሴት አጠገብ። ዳር ዳሩን ደንገል ስለሆነ ወፍ አለው፣ ፔሊካኖች በቡድን ይቀመጣሉ፣ አሳ የሚበላው ንስር ደረቅ ዛፍ ላይ ሆኖ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮህ ትሰሙታላችሁ፣ ነጭ ራስ ስላለው ከሩቅም አይሳሳትም። ጉማሬም ስላለ ባለጀልባው ራቅ ብሎ ይሂድ፣ ቅረብልን ብላችሁ አታስጨንቁት።

እዚህ ላይ የገጠመኝን ልናገር። አንድ ጊዜ እንግዶች ይዤ ስሄድ ባለጀልባው ደስ ሊያሰኘን ብሎ የተኙትን ፔሊካኖች መሀል በፍጥነት ነዳበት፣ በሙሉ ተነሱ፣ ፎቶው ያምራል፣ እንግዶቹም አጨበጨቡ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። አንድ ፔሊካን ከውሀ ለመነሳት በእግሩ እየረገጠ ስንት ሜትር እንደሚሮጥ ያየ ሰው ጉልበቱ ይገባዋል፣ ያንን ጉልበት ለመንገዱ ወይ ለአሳው ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ዋጋ ስትነጋገሩ አብራችሁ ይሄንንም ተነጋገሩ፦ ከወፎቹ ራቅ ብሎ ሞተር ያጠፋል፣ በቀዘፋ ወይ በንፋሱ ይጠጋል። ጨዋ ባለጀልባ ይሄን ሲሰማ ደስ ነው የሚለው፣ ነዳጅም ይቆጥብለታል።

ጠዋት ብቻ ሂዱ፣ ከሰአት ንፋስ ሲነሳ ማእበሉ ባይኖኩላር አያስይዝም። ታንኳ ያላቸው አሳ አጥማጆች አጠገብ ስታልፉም ፍጥነት ቀንሱ፣ የደንገል ታንኳ እኮ ነው።

3. ዘጌ፣ የቡናው ጫካ

ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የተከለከለበት ሀገር ነው፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሶስት ሰብረው ከበትሩ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይባላል፣ ህዝቡም እስከዛሬ በነዚሁ ነው የሚኖረው። ለወፍ ያለው ትርጉም ቀላል አይደለም፣ በዙሪያው ያለው መሬት በሙሉ ሲታረስ ዘጌ ላይ ጫካው ቀረ፣ ጫካው ስለቀረ የጫካ ወፎቹም ቀሩ። ሆርንቢሉ እዚህ ብዙ ነው፣ ነጭ ጉንጭ ያለው ቱራኮም አለ፣ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ሲሮጥ አረንጓዴ ነው፣ ሲበር ግን ክንፉ ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ብልጭ ይላል፣ ያ ብልጭታ ለአንድ ሰከንድ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ከአይን አይጠፋም።

ከባህር ዳር በጀልባ አንድ ሰአት ገደማ ነው፣ ወጪው ከፍ ይላል፣ ግን አራት አምስት ሰው ሆናችሁ ከተካፈላችሁት ይቻላል። ገዳማቱንም አብሮ ማየት ስለሚቻል ወፍ የማይወዱ ዘመዶች ይዞ ለመሄድ ጥሩ ነው፣ ኡራ ኪዳነ ምህረት ሴትም ወንድም ይገባል፣ ክብራን ገብርኤል ግን ለሴቶች ስለማይፈቀድ ጀልባው በዛ በኩል አልፋለሁ ካለ ቀድማችሁ አስቡበት። ጫካ ውስጥ ወፍ ማየት ግን ትእግስት ይጠይቃል፣ አንገት ያማል፣ ለጀማሪ ተስፋ ሊያስቆርጥ ይችላል። ከስደተኛ ወፎቹም ብዙውን እዚህ አታገኙም። በአንጻሩ የጫካው ወፍ ነዋሪ ስለሆነ ሚያዝያም ብትመጡ ያው አለ።

4. ጭምባና ይጋንዳ፣ እርሻና ረግረግ አንድ ላይ

ይሄ የልቤ ቦታ ነው፣ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከባህር ዳር በስተምእራብ በሀይቁ ዳርቻ ያሉ ረግረጎች ናቸው፣ ረግረጉ ካለቀበት ጀምሮ ማሳ ነው። ዋናው እንግዳ ግራጫው ክሬን የሚባለው ባለ ረጅም እግር ትልቅ ወፍ ነው። ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያ፣ ከሩሲያ በኩል ከጥቅምትና ህዳር ጀምሮ ይመጣል፣ መጋቢት ላይ ይመለሳል፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውሀ ውስጥ ቆሞ ያድራል፣ አውሬ ሲመጣ ውሀው ስለሚንቦጫረቅ ይሰማዋል። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ወደ ማሳ ይሄዳል፣ የረገፈ እህል ሲለቅም ይውልና ማታ ይመለሳል። ሀይቁ መኝታ ቤቱ ነው፣ እርሻው ጓዳው ነው። ይሄን ያወቀ ሰው የት እንደሚቆም ያውቃል፦ በመኝታውና በጓዳው መካከል፣ ጎህ ሲቀድ።

ከ12 ሰአት በፊት ቦታው ላይ ድረሱ። ጨለማው ገና አልለቀቀም፣ ዝም ብላችሁ ቁሙ። መጀመሪያ ድምጽ ነው የሚመጣው፣ የመለከት አይነት፣ አንዱ ይጠራል ሌላው ይመልሳል፣ ከዛ ሰማዩ ትንሽ ሲገለጥ መስመር መስመር ሰርተው በላያችሁ ያልፋሉ፣ የክንፋቸው ድምጽ ራሱ ይሰማል። መቁጠር ትጀምሩና ትተዉታላችሁ።

አንድ ጠዋት ማሳ ላይ የወረዱትን ለማየት ቀጥ ብዬ ስሄድ ጓያ የሚነቅሉ አባት ጠሩኝ፣ "የኔ ልጅ፣ እንደሱ ቀጥ ብለሽ አትሂጂባቸው፣ ከብቱን ተከተይ፣ ከብት አይፈሩም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልጆቹ ከሚነዷቸው ጊደሮች ኋላ ኋላ ሄድኩ፣ ጊደሮቹ ሲቆሙ ቆምኩ፣ ሲግጡ ቁጭ አልኩ፣ እና በህይወቴ ቀርቤው በማላውቀው ርቀት አናቱ ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ፣ ከአይኑ ጀርባ ወደ አንገቱ የሚወርደውን ነጭ መስመር፣ ጅራት የሚመስለውን የተንጨባረረ ላባ በደንብ አየሁት። ከእግራችን ስር ሳቢሳዎቹ ከብቱ ያስነሳውን ፌንጣ ይለቅማሉ።

ስደተኛ ያልሆነው ዘውድ ያለው ጥቁር ክሬንም እዚህ አለ፣ አናቱ ላይ የወርቅ ጭራሮ የመሰለ ዘውድ፣ ነጭና ቀይ ጉንጭ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚሄደው። እሱ ከሌሎቹ ክሬኖች የሚለየው ዛፍ ላይ መውጣት ይችላል፣ ማታ ዛፍ ላይ ሰፍሮ ብታዩት አትደነቁ። በአለም ደረጃ ቁጥሩ እየቀነሰ ስለሆነ ለስጋት የተጋለጠ ተብሎ ተመዝግቧል፣ አጠገቡ የሚደርስ ሰው ጎጆም ሆነ ጫጩት መንካት የለበትም፣ ለልጆችም ንገሩልኝ።

ድክመቱ፣ በህዝብ ትራንስፖርት ጎህ ሳይቀድ መድረስ አይቻልም፣ ባጃጅ ወይ መኪና ከማታው መነጋገር አለባችሁ፣ ካልሆነም የማታውን ጉዞ ምረጡ፣ ከ11 ሰአት ጀምሮ ሲመለሱ ይታያሉ። ማሳው የሰው ስለሆነ ሳትጠይቁ አትግቡ፣ ሽምብራው ገና ቆሞ ከሆነ በድንበሩ ብቻ ሂዱ። አካባቢውን የሚያውቅ ልጅ ብትይዙ ተገቢውን ክፈሉት፣ ወፉን የሚጠብቅ ሰው ከወፉ ጥቅም ማግኘት አለበት ብዬ አምናለሁ።

5. ፎገራ፣ ሸሸርና ወላላ

ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዛ ወደ ሀይቁ ወረድ ሲባል ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች አሉ። የተሟላ ውሀ ባለበት አመት እንደዚህ ያለ የወፍ ገበያ የለም፣ ከሰሜን የመጡ ዳክዬዎች፣ ጭቃ ወጊዎቹ ረጅም መንቁሮች፣ ክሬኖች፣ ፔሊካኖች፣ ሁሉም በአንድ እይታ። ሜዳ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል፣ ግን ሜዳ ስለሆነ እናንተም ከሩቅ ትታያላችሁ፣ ወፉ አያስጠጋም፣ ያለ ጥሩ ባይኖኩላር ነጠብጣብ ነው የምታዩት።

ሀዘኔን ሳልደብቅ ልናገር፣ ረግረጎቹ እየጠበቡ ነው። ሩዝ ፎገራን የቀየረ ሰብል ነው፣ ለገበሬው ኑሮ ሆኗል፣ ማንም ሊፈርድበት አይችልም፣ ግን ውሀው በፓምፕ ለሽንኩርቱ ሲሳብ፣ ዳሩ ሲታረስ ለወፉ የሚቀረው ኩሬ ያንሳል። በሀይቁ ሰሜን ምስራቅ ዳርቻ ደግሞ በ2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የታየው እንቦጭ አለ፣ ውሀውን ሲሸፍነው አሳ አጥማጅ ወፍ ምን አይቶ ይጠልቃል? ጣና በዛው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ምዝገባው ለነዚህ ኩሬዎችም እንዲደርስ ነው የምመኘው።

ዋልካው ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ አድርጉ። ሙሉ ቀን ይወስዳል፣ ውሀና ምሳ ያዙ።

ጢስ አባይንም የሚጠይቁኝ አሉ። በዚህ ወቅት ውሀው ቀጭን ነው፣ አብዛኛው ለመብራት ማመንጫው ይሄዳል፣ ወፍ በገደሉና በዛፎቹ አካባቢ አለ፣ ግን ለወፍ ብላችሁ ብቻ ከሆነ ያንን ጠዋት ለጭምባ ስጡት።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| ቦታ | በዋናነት የሚታየው | ሰአት | ወጪ | ቅርበት | ድካም |
|---|---|---|---|---|---|
| የከተማው ዳርቻ | አሳ አጥማጅ ወፍ፣ ጃካና፣ በቀቀን፣ ሆርንቢል | 12፡30–2፡00 ጠዋት | የለም ማለት ይቻላል | በጣም ቅርብ | ቀላል |
| ደብረ ማርያምና አባይ መውጫ | ፔሊካን፣ አሳ በል ንስር | ጠዋት ብቻ | መካከለኛ | ቅርብ | ቀላል |
| ዘጌ | ቱራኮ፣ ሆርንቢል | ጠዋት | ከፍተኛ፣ በጋራ ከሆነ መካከለኛ | ቅጠል ይሸፍናል | መካከለኛ |
| ጭምባና ይጋንዳ | ሁለቱ ክሬኖች፣ የከብት ተከታይ ወፎች | ጎህ ወይ ከ11፡00 በኋላ | መካከለኛ | በብልሀት ቅርብ | መካከለኛ |
| ሸሸርና ወላላ | ዳክዬ፣ ጭቃ ወጊዎች፣ ክሬን | ሙሉ ቀን | በሚኒባስ ዝቅተኛ፣ በኪራይ መኪና ከፍተኛ | ሩቅ | ከባድ |

ለማን የቱ

አንድ ጠዋት ብቻ ካላችሁና ሰርግ ወይ ስብሰባ ላይ ከሆናችሁ የከተማው ዳርቻ፣ ሌላ አታስቡ። ሁለት ቀን ካላችሁ አንዱን ጎህ ለጭምባ፣ ሁለተኛውን ጠዋት ለአጭሩ ጀልባ። እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነ ዘጌ፣ እነሱ ገዳሙን ይሳለማሉ፣ እናንተ መንገድ መንገዱን ዛፉን ታያላችሁ። ተማሪ ሆናችሁ ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ወረታ ድረስ በሚኒባስ ሄዶ ሜዳውን በእግር መውረድ ይቻላል፣ ጉልበት እንጂ ብር ብዙ አይፈልግም። ፎቶ አንሺ ከሆናችሁ ሸሸር ሄዳችሁ አትናደዱ፣ ረጅም ሌንስ ከሌላችሁ የከተማው ቄጠማ ይሻላችኋል።

ባይኖኩላር ለመግዛት ላሰበ፣ 8 በ42 የሚለውን ውሰዱ፣ 8 ማለት 8 እጥፍ ያቀርባል ነው፣ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ 10 እጥፍ ያቀርባል ብለው ሌላ ይሸጡላችኋል፣ ግን እጅ ሲንቀጠቀጥም አብሮ 10 እጥፍ ነው፣ ጀልባ ላይ ምንም አታዩበትም። የሌለው ሰው ከጓደኛ ጋር አንድ ለሁለት ይያዝ፣ እኔ ለአመታት እንደዛ ነበርኩ። ያያችሁትን ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ መዝግቡ፣ ነጻ ነው፣ ለሚቀጥለው ሰው መረጃ ይሆናል።

ጤናም አለ፣ ውሀው ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ፣ ቢልሃርዝያ አለ። ማታ የምትቆዩ ከሆነ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፣ ወባ ያለበት ሀገር ነው። ደማቅ ቀይና ነጭ ልብስ ደግሞ ወፍ ያርቃል፣ አፈር መሰል ይሁን።

አንድ አመት መጋቢት 20 አካባቢ ሰዎች ይዤ ጭምባ ሄጄ ነበር፣ ሁለት ሰአት ጠበቅን፣ አንድም ግራጫ ክሬን የለም፣ እረኛውን ስጠይቀው "እነሱማ ሄዱ፣ ባለፈው ሳምንት ከፍ ብለው እየዞሩ እየዞሩ ሄዱ" አለኝ። ስለዚህ ክሬን ለማየት የምትመጡ ከሆነ እስከ መጋቢት 5 ድረስ ኑ፣ ከዛ በኋላ ትኬት የቆረጠ ሰው ዘጌን ይያዝ፣ ጭምባ ከሄደም ባለ ዘውዱን ብሎ ይሂድ፣ እሱ የትም አይሄድም።